በሐይቁ ዳር ስለቀረው የእድራችን ድንኳን

ለተከበሩ የቱሪዝም ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣
ባሉበት

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ሐይቅ ዳር እንግዶችዎ የተመቸ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ በደብረ ታቦር የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ካሳው ይሻው ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ለቢሮዎ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ይሆናል በሚል ቅን ግምት ነው።

በጣና ዳር ያስመረቁት የድንኳን መዝናኛ እጅግ ያማረ መሆኑን ሰምተናል፤ አልጋው ምቹ፣ የመታጠቢያው ውሃ ሙቅ፣ ዓሣው ከሐይቁ በቀጥታ ወደ መጥበሻ ነው አሉ። እንግዶችዎ የሚመገቡበት ትልቁ ነጭ ድንኳን ግን የእኛ ነው። ለምርቃቱ ሦስት ቀን ብቻ ብለው ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ከእኛ ተውሰው፣ እነሆ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ስለዚህ ጥቂት ነገር ላስታውስዎ።

፩ኛ. ባለፈው ወር ጎረቤታችን ወይዘሮ በለጠች ሲያርፉ ለቀስተኛው የተቀመጠው ላስቲክ ወጥሮ ነበር። በማግስቱ ነፋስ ላስቲኩን ገፎ ወሰደው፤ ልጆቻቸውም እናታቸውን ማልቀስ ትተው ላስቲክ ሲያሳድዱ ዋሉ። በሐዘን ሳምንት እንኳ ስፖርት እንዳይቀርብን ስላሰቡልን እናመሰግናለን።

፪ኛ. የእድራችን አባል ወይዘሮ ስመኝ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ፣ በጎኑ የእድራችን ስም የተጻፈበትን ድንኳን ከመኪና መስኮት አዩት። ከእኛ ሰው ሞቶ ሳልሰማ ቀረሁ ብለው ደንግጠው ወረዱና ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። እንግዶችዎ የባህል ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ፣ በስልካቸውም ቀረጹ። አስተናጋጁ ደግሞ፣ ጨዋ ሰው ነው መሰለኝ፣ የዓሣ ጥብስ አቀረበላቸው። ወይዘሮ ስመኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ለቅሶ ቤት መግባት ያፍራሉ።

፫ኛ. ድንኳኑን ቤት ለቤት ዞረው፣ ሰውን አስተባብረው ያሰፉት የቀድሞው የእድሩ ዳኛ አባቴ ናቸው። አሁን ታመው ተኝተዋል፤ ሐኪሙም ወደ ቤት ውሰዷቸው ብሎናል። ጠዋት ጠዋት የሚጠይቁኝ ስለ መድኃኒታቸው ሳይሆን ድንኳኑ ተመልሶ እንደሆነ ነው። እኔም ዛሬ ይመጣል እያልኩ እዋሻቸዋለሁ። ክቡርነትዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ አባቴን መዋሸት አስተምረውኛልና በጣም ተናድጃለሁ።

ክቡር ጊዜዎን ከዚህ በላይ ላለመሻማት፣ ድንኳኑ ከነካስማውና ከነገመዱ እስከ ቅዳሜ እንዲመለስልን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እየለመንኩ፣ ድንኳኑን ያዋሰ ሰው ለተዋሰው ሰው ሊኖረው ከሚችለው አክብሮት ሁሉ ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ካሳው ይሻው
የእድሩ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስነሣ አባቴ አረፉ። ድንኳኑን ስለ መመለስ ከእንግዲህ አይጨነቁ። ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ነው፤ ከቀብር መልስ ለቀስተኛው እንደ ወጉ የሚቀመጠው በእድሩ ድንኳን ስለሆነ ሚኒባስ ተከራይተን ወደ እርስዎ እንመጣለን። ወይዘሮ ስመኝ ቦታውን ያውቁታል። እንግዶችዎ እንዲያጨበጭቡ አይጠበቅባቸውም። የምንቀመጠውም ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ቀኑን የምንቆጥረው ግን እርስዎ በቆጠሩት አቆጣጠር ነው።