ለውባለም ሬዲዮ የቀበርኩት ዘንግ

ሰኞ

ዛሬም ነዘረኝ። እስከ ክርኔ ድረስ ነዝሮኝ ፒንሳው ከእጄ ወደቀ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ የመብራት ገመዱን ያስገባሁበት የሬዲዮው ቆርቆሮ ሳጥን ቀዳዳ ጠርዙ ስለት ሆኖ የገመዱን ሽፋን በልቶታል። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ ብዬ እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ላይ ሱቅ ከፍቼ እንዲህ መሥራቴ!

ሬዲዮው የሚስቴ የውባለም ነው። ሴት ልጅ ወልዳልኝ ሰማንያ ቀን ከቤት አትወጣም፤ ዛሬ ገና አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። «ግድግዳ ስቆጥር ልከርም ነው?» አለችኝ። ሳጥኑ የሚቀመጠው ከራስጌዋ ነው። አጠገቧ ሕፃኗ አለች። እነሱን ቢነዝራቸውስ!

ማክሰኞ

ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።

ቀዳዳውን ከብስክሌት ከመነዳሪ የቆረጥኩትን ጎማ አለበስኩት። ኃይሉ ሲገባ መጀመሪያ በፊውዝ ያልፋል፣ ከዚያ በማብሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያ ለሬዲዮውና ሳጥኑ ላይ ላለችው ትንሽ አምፖል ለየብቻ ይከፈላል። ገመዱ ቢጎተት እንዳይነቀል ውስጥ ቋጠርኩት። የሳጥኑን ቀለም በቢላ ፍቄ ያፈተለከ ኃይል ወደ አፈር የሚያወርደውን የመሬት ሽቦ በብሎን አሰርኩ።

የቀረው፦ ዘንጉ።

ከመስኮቱ ሥር ረጅም የብረት ዘንግ ቀበርኩና ሽቦውን አሰርኩበት። አፈሩ ደረቅ ስለሆነ ጨው የሟሟበት ውሃ አፈሰስኩበት። አማቴ እትዬ የሺ ልጃቸውን ሊያርሱ ከማክሰኝት መጥተዋል፤ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። ምንም አላሉም። እኔም ምንም አላልኩ።

ረቡዕ

ሠራ! ጠዋት በመፈተሻ አምፖሌ ሳጥኑን በአራቱም ጎን ነካካሁት፤ አምፖሉ አልበራም፤ ያፈተለከ ኃይል የለም ማለት ነው። ማምሻውን ከአዲስ አበባ የክራር ድምፅ መጣ። ውባለም ዓይኗን ጨፍና ሰማች፤ ከዚያ በዜማው ልክ የሕፃኗን እግር መታ መታ ታደርግ ጀመር። እንደዚያች ሰዓት ወድጃት አላውቅም። በቃ ጻፍኩት።

ሐሙስ

ማምሻውን ከማብራቴ በፊት የመሬት ሽቦውን ሳብ አደረግኩት። ተከትሎኝ መጣ። ዘንጉ አጥሩ ሥር ተጥሏል።

ብጠይቅ የነቀሉት እትዬ የሺ ናቸው፤ ትናንት ከቀትር በኋላ። እንግዲያው ትናንት ክራር ስንሰማ መከታ አልነበረንም! መጮህ አማረኝ። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

«ምነው አማቼ፣ ከአራስ ደጅ ሥር ብረት ይቀበራል?» አሉኝ። እህታቸው በአራስ ቤቷ የሞተችው ደጇ ሥር በተቀበረ መተት ነው ብለው ያምናሉ። ዘንጉን ካዩ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

«ሳጥኑ ቢበላሽ ኃይሉ በዚህ ሽቦ ወደ መሬት ይሄዳል» አልኳቸው። «ሽቦው ከሌለ የሚሄደው በውባለም እጅ ነው።»

መደቡ ላይ ተቀመጡ። አሳዘኑኝ። ስቀብር እያዩኝ አንድ ቃል መናገር አቅቶኝ!

ዓርብ

ዘንጉን አብረን ቀበርነው። ጨው ውሃውን ያፈሰሱት እሳቸው ናቸው፤ ከጠበል ጠርሙሳቸውም ጠብ አደረጉበት። አልከለከልኩም፤ አፈሩ እርጥበት ይፈልጋል።

ሳጥኑን ፈትሼ አበራሁ። ውባለም እጇን ስትዘረጋ እትዬ የሺ «ቆይ!» ብለው ቀደሟትና መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ አሳረፉ። ደህና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለች ውባለም።

«መንዘሩ ካልቀረ እኔን ይንዘረኝ ብዬ ነዋ።» መዳፋቸውን በቆርቆሮው ላይ አንሸራተቱ። ከዚያ «ሸጋ ነው፤ ንኪው» አሉና የልጃቸውን እጅ ወስደው ከራሳቸው እጅ አጠገብ አስቀመጡት።

ሬዲዮው ምን ይል እንደነበር አላስታውስም።