ውሃ በሌለው ገንዳ ውስጥ ስለተደበደቡ ዋናተኞች

ለከተማችን የስፖርትና መዝናኛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት፣ አጥንታችሁም በየቦታው እንዳለ እንደሚያገኛችሁ ተስፋዬ የጸና ነው። እኛ የሕዝብ መዋኛው ጎረቤቶች እንደ አቅማችን ደኅና ነን፤ ስፌቱ ገና ያልተፈታለት ሰው ቢኖርም ቁስሉ ስላላመረቀዘ ተመስገን እንላለን። የምጽፍልዎ የተዘጋው መዋኛ ተመልሶ እንዲከፈት ለመለመን ነው። ይሁንና ውለታን ሳያነሱ ልመና ማቅረብ ነውር ስለሆነ፣ ጽሕፈት ቤትዎ የዋለልንን አስቀድሜ በተራ ቁጥር ላመስግን።

1. ስለ ጥገናው እናመሰግናለን። ከገንዳው ወለል አንዲት ሴራሚክ ተሰንጥቃ የአንዲት ዋናተኛን ተረከዝ በመቁረጧ፣ ለደኅንነታችን ተጨንቀው መዋኛው እስኪጠገን እንዲዘጋና ውሃው ከገንዳው እንዲወጣ አዘዙ። ከዚያም የላኳቸው ሠራተኞች የመዝለያውን ሰሌዳ በመዶሻ ሰባበሩት፣ የብረት መሰላሎቹን ከነሥራቸው ነቀሏቸው፣ የልብስ መቀየሪያውን በሮች ገነጣጠሉ፣ የጀርባውንም አጥር በመኪና ገፍተው ጣሉት። የተሰነጠቀችው ሴራሚክ ብቻ ዛሬም እንደተሰነጠቀች በክብር ተቀምጣለች።

2. ልጆቻችንን ደፋር ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ገንዳው ከተዘጋ ወዲህ ልጆቹ ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን፣ የዝናብ ውሃ ያቆረውን አሮጌ የድንጋይ ካባ መዋኛ አድርገውታል፤ ዳሩ እንደ ቢላ የሾለ፣ ታቹ የማይታይ ጉድጓድ ነው። የመዋኛው ነፍስ አዳኝ የነበረውና ሕፃን አዋቂው ጋሽ ፊሽካ እያለ የሚጠራው ሰው፣ ማንም ሳያዝዘው ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ይቆማል። የዳቦ ጋጋሪዋን ልጅ በጸጉሯ ጎትቶ ሲያወጣት፣ በድንጋጤ እጁን ነክሳ አደማችው፤ እሱም ጀርባዋን እየደቃ የጠጣችውን ውሃ አስተፋት፤ እናትየዋ ሮጣ ደርሳ ልጇን የሚደበድብ መስሏት ፊቱን በጡጫ አለችው፣ ነገሩ ሲገባት ደግሞ ያንኑ ፊት እየሳመች አለቀሰች። ይህንን አቤት ብንል ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘነው መልስ “ካባው እኛን አይመለከትም” የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ካባው እርስዎን አይመለከትም፤ እኛን ግን ትክ ብሎ ያየናል።

3. ጋሽ ፊሽካ ልጆቹን ከካባው ማስቀረት ቢያቅተው፣ ቢያንስ ሳይሰጥሙ መመለስን ላስተምራቸው ብሎ፣ ሠራተኞችዎ በጣሉልን አጥር በኩል ወደ ደረቁ ገንዳ አስገባን። ቅዳሜ ጧት ጧት አግዳሚ ወንበሮቹን ወለሉ ላይ ደርድሮ፣ ልጆችንም ወላጆችንም በሆዳችን አስተኝቶ፣ በክንድ መቅዘፍና እግር ማራገብ ያለማምደን ጀመር። አላፊ አግዳሚው ከላይ ቆሞ ይስቅብን ነበር። አንዱ “እትዬ፣ ውሃው አይቀዘቅዝም?” ብሎ ቢያሾፍ፣ ጋጋሪዋ ከወንበሯ ሳትነሳ “ግባና ሞክረው የኔ ጌታ፣ ከቤትህ ቧንቧ የባሰ አይደርቅ!” ብላ አሳቀችን። ለዚያች ሳቅ እናመሰግናለን፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አልሳቅንም።

4. ስለ ደንብ አስከባሪዎችዎ ጨዋነት እናመሰግናለን። አንድ ቅዳሜ ዱላ የያዙ ሰዎችዎ በወደቀው አጥር ገብተው በገንዳው ተዳፋት ቁልቁል ወደ እኛ ሲሮጡ፣ ጋሽ ፊሽካ የዕድሜ ልክ ልማድ ሆኖበት ፊሽካውን ነፋና “ሩጫ ክልክል ነው!” ብሎ ጮኸ። እዚህ ላይ ሊኮሩ ይገባል፤ ግማሾቹ ባሉበት ቀጥ አሉ። በልጅነታቸው እዚሁ ገንዳ የዋኙ የሰፈራችን ልጆች ናቸውና ፊሽካውን እግራቸው ያውቀዋል፤ አንዱማ ዱላውን ከጀርባው ሸሽጎ “ይቅርታ ጋሼ” አለ። “ምን ይገትራችኋል? በሏቸው እንጂ!” ያለው አለቃቸው ነው።

የመጀመሪያው ዱላ የጋጋሪዋ ትከሻ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው፣ ልጇን ልትሸፍን ስትጎነበስ፣ ጭንቅላቷን ፈነከተው። በሆዱ እንደተኛ ወገቡን በጫማ የተረገጠው ልብስ ሰፊ ለቀናት ደም ሸንቷል። አለቃው ጋሽ ፊሽካን ግድግዳው ላይ አጣብቆ፣ ፊሽካ የያዘበትን ቀኝ ክንዱን እስኪሰበር ድረስ ደጋግሞ መታው፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ገንዳ ውስጥ ድምፅ ስለሚያስተጋባ ሁላችንም ሰማነው። ደሙ ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ውሃ መውረጃው ወረደ፤ መዋኛው ከተዘጋ ወዲህ እርጥብ የሆነው ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዎ በድምፅ ማጉያ “ያለ ፈቃድ ሲዋኙ በተገኙ ግለሰቦች ላይ እርምጃ ተወስዷል” ሲል ሰምተን ተጽናናን፤ ገንዳው አሁንም የሚዋኝበት መሆኑን ጽሕፈት ቤትዎ ሲያምን የመጀመሪያው ነውና።

5. ክንዱ በጄሶ የታሰረው ጋሽ ፊሽካ ካባው ዳር መቆሙን አልተወም። ባለፈው ሳምንት የመካኒኩ ታናሽ ልጅ ስትሰጥም ከነጄሶው ዘሎ ገባ፤ ጄሶው ውሃ ጠጥቶ ቁልቁል ሲጎትተው፣ ቀሚሷን በጥርሱ ነክሶ በግራ እጁ እየቀዘፈ አወጣት። ልጅቷ ተርፋለች። ክንዱ ግን እዚያው ስብራቱ ላይ ዳግም ተሰብሯል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ከትከሻ በላይ እንደማይነሳ ነግሮታል። ስለዚህ ቀጥሎ የሚሰጥም ልጅ የሚያወጣው ሰው የለም። ለዚህ ምስጋና ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣሁ፤ በእርስዎ በኩል ቢገኝ በትሕትና እጠብቃለሁ።

ልመናችን ትንሽ ነው። አንዲቷ ሴራሚክ ትቀየር፤ ሰፈራችን ውስጥ ሙያው ያለው ሰው አለ፣ ከምሳ በፊት ይጨርሳታል። ውሃው ይለቀቅልን፤ በሩ ይከፈት። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ቅዳሜ ጧት እንደ ወትሮው ወንበሮቻችን ላይ ተኝተን እንገኛለን። ሰዎችዎን የሚልኩ ከሆነ እየተራመዱ እንዲመጡ ያሳስቡልን፤ የፈሰሰው ደም በደንብ አልታጠበም፣ ወለሉ ያንሸራትታል፣ በመዋኛ ውስጥ ሩጫም ክልክል ነው።

ሁለቱም ክንዶችዎ ዘወትር ከትከሻዎ በላይ እንዲነሱ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ከዚህ በላይ መጎንበሱን የጎን አጥንቴ አልፈቀደልኝም።

ከመዋኛው ግድግዳ ማዶ የምኖር አክባሪ ጎረቤትዎ

ማሳሰቢያ፦ “ይቅርታ ጋሼ” ያለው ደንብ አስከባሪ ባለፈው ቅዳሜ የደንብ ልብሱን አውልቆ ሴት ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር፤ እሷም ወደ ካባው ከመሄድ አልቀረችም መሰለኝ። ጋሽ ፊሽካ በግራ እጁ ወንበር ስቦ አስተኛት። የፊታችን ቅዳሜ ያንን ሰው ዱላ አስይዘው ከላኩት የሚጀምረው ከእሷ ወንበር ነው፤ ለወደቀው አጥር የምትቀርበው እሷ ናትና። ከዚህ ጭንቅ ሊያድኑት ከወደዱ እርስዎ በእሱ ፈንታ ይምጡ። ጥልቁ ጫፍ ላይ አንድ ወንበር ይዘንልዎታል፤ ስለ መስጠም አይሥጉ፣ ውሃውን አስቀድመው ራስዎ አስወግደውታል።