ማዕረግህን መልስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
የማታ የፊደል ትምህርቱን ጨረስኩ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉ ሽማግሌዎች አንደኛ! (ሁለት ነበርን።) አስተማሪያችን የዓለምዘርፍ፣ "ጋሽ ኪራኮስ፣ እርስዎ እኮ ጸሐፊ ነዎት" አለችኝ። ምነው ዘገየሽ አልኳት። ለዘመድ ገና አልነገርኩም... ለገና ላስደነግጣቸው። ከእንግዲህ ማንም አያነብልኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ታናሽ ወንድሜ ተሻገር ደወለ፣ ሻለቃው። ጦሩን ይዞ ወደ ተወለድንበት ወረዳ እንዲዘምት ታዟል።
"ጋሼ፣ ጫካ ያሉት የአክስታችን ልጆች ናቸው። ምን ይሻላል?"
ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። እኔ! ላስብበት ብዬ ዘጋሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 8
ልጄን ሮሆቦትን እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ፣ ጥበቃ የምሠራበት ሙዚየም ወሰድኳት። መስታወት ውስጥ የአንድ መኮንን ደብዳቤ አለ። የደቡብ ክፍላተ ግዛት ከአሜሪካ ሊገነጠሉ ሲሉ ለእህቱ የጻፈው። ስንት ጊዜ ጠበቅኩት፣ ምን እንደሚል ግን... አንብቢልኝ አልኳት። (ማንም አያነብልኝም ያልኩት አማርኛውን ነው።)
"በወገኖቼ ላይ ሰይፍ አልመዝም፣ ማዕረጌን መልሻለሁ ይላል።"
"ወንድ!"
"ዳዲ፣ ኖ! ከዛ ወደ ሌላኛው ሳይድ ሄዶ ለባርነት ነው የተዋጋው። በዓመቱ ሞተ።"
እኔ ማዕረግ መመለሱን ይዤ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
የመጀመሪያዬን ደብዳቤ ጻፍኩ። በወረቀት። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት።
"ተሻገር፣ ማዕረግህን መልስ። በወገንህ ላይ አትተኩስ።"
መደወል እችል ነበር... ግን ጸሐፊ አይደለሁ?
መለሰልኝ። "ጋሼ፣ ጽሑፍዎ ከኔ ይበልጣል። ነገ ለአዛዡ እነግረዋለሁ።"
ለአውቶቡስ ሾፌሩ ሳይቀር አሳየሁት። ፈረንጅ ነው፣ ምኑ ይገባዋል? "ጉድ፣ ጉድ" አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ስልኩ አይነሳም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14
ወትሮ የዘመድ ግሩፑ ላይ ለኔ ብለው በድምፅ ነበር የሚልኩት። ዛሬ ድምፅ የለም፣ ጽሑፍ ብቻ። አያነብም ብለው... በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ሻ... ለ... ቃ...
ነፍስ ይማር።
ከሥሩ የአጎቴ ልጅ ሳህሉ፦ "ኪራኮስ እንዳይሰማ። ነገ ጠዋት ሄደን እናረዳዋለን።"
እንዴት እንደሞተ ማንም አልጻፈም። ለአዛዡ ነግሮት ይሆን? ወይስ ሳይነግረው? ደጋግሜ አነበብኩ። የለም።

እሑድ፣ ኅዳር 15
ሳይነጋ ተነሳሁ። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁ። ማታ ከጎረቤት የተዋስኳቸውን ወንበሮች ደረደርኩ። ጋቢዬን ለብሼ ተቀመጥኩ።
መጡ። ሳህሉ ከፊት፣ ሮሆቦት ዓይኗ አብጦ ከኋላ። ሳህሉ ወንበሮቹን አየና በሩ ላይ ቀረ።
"ማን ነገረህ?"
"አነበብኩ።"
መቼ ተማርክ ያለኝ የለም። ሮሆቦት አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።
ስልኬ ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ደብዳቤዬን ለማንም አላሳየሁም።