ተዋጊ ወይስ ፈዋሽ

ውድ ልጄ፣

በዚህ ዕድሜዬ የሚያስደነግጠኝ ነገር ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ትናንት ግን ክው አልኩ፤ አሁንም አልለቀቀኝም።

ልጅሽ ሚጢጢና የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጠረጴዛዬን ከበው አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። እሷ ተረቱን ትፈጥራለች፤ ሌሎቹ ሙያ መርጠው ተረቱ ውስጥ ይገባሉ። ያሰቡት መሳካት አለመሳካቱን የምትወስነው ብዙ ፊት ያላት ባለቁጥር ጠጠር ናት። ትናንት ሰው ጎደላቸውና እኔን ጠሩኝ።

«አባባ፣ ተዋጊ ትሆናለህ ወይስ ፈዋሽ?»

«ይሄም ይጠየቃል? ተዋጊ ነዋ! ቅጠል ስቀጠቅጥ ልታዪኝ ነው?»

«በደንብ አስብ። አንዴ ከመረጥክ መቀየር የለም።»

«ጨርሻለሁ አልኩሽ!»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም መጥረቢያዬን ይዤ ገባሁ፤ ዘንዶውን ለሁለት ከፈልኩት፤ የግንቡን በር ገነጠልኩት። ብታዪኝ ትኮሪብኝ ነበር።

በሩ ሲወድቅ ሚጢጢ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ውስጥ ንግሥቲቱ ተኝታለች። በጣም ታማለች፤ ፀጉሯ ረግፏል። ልጇን ግን ‹ለሥራ ሩቅ ሄጃለሁ› ብላታለች። ምን ታደርጋለህ?»

ማን ነገራት? እኔ እንደሆንኩ ትንፍሽ አላልኩም! ሆስፒታል መግባትሽን ከሁለታችንና ደብዳቤዬን ከሚጽፍልኝ ሰው በቀር ማንም አያውቅም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስኖር፣ ለካ ልጅቷ ሁሉን ውጣ ተቀምጣለች።

«ፈዋሽ አድርጊኝ» አልኳት።

«አይቀየርም አልኩህ እኮ፣ አባባ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ጆንያ የተሸከምኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ጀርባ ለጭነት እንጂ ለማንም ጎንበስ ብሎ አያውቅም። «እንግዲያው አዝላታለሁ» አልኩ። «ፈዋሹ ያለበት ድረስ አደርሳታለሁ!»

ጠጠሯን ወረወርኩ። ሚጢጢ ቁጥሩ ሳይታይ በመዳፏ ከደነችው። «ተሳክቶልሃል» አለች፤ እንባዋ ይወርዳል። «እስቲ እንየው» ያለ ልጅ የለም።

ከእንግዲህ መደባበቅ በቃን። ይህን የሚጽፍልኝ እንደ ወትሮው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አለመሆኑን ገና ስትከፍቺው ከእጅ ጽሑፉ ሳታውቂው አልቀረሽም። የምትጽፈው ሚጢጢ ናት፤ «እማዬ እንዳትቆጣኝ በልልኝ» እያለች ነው። በምን አፍሽ ልትቆጪ!

ቅዳሜ ሁለታችንም እንመጣለን። ፀሐይ ናፈቀኝ፣ አሳንሰሩ ተበላሽቶ መውረድ አቃተኝ ብለሽኝ ነበር። እኔ ጎንበስ እላለሁ፤ አንቺ አንገቴን ያዢ።

ተሸካሚው አባትሽ