ከዛፉ ሥር የቆመው ድኩላ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፤ ከነባለቤትህ ከነሕፃኗ ደህና ናችሁ ወይ? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን።

ባለፈው እሁድ አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግዳ ሲያስጎበኙ ወደኖሩበት የተራራው ፓርክ ልጄን ይዤ አብሬያቸው ወጣሁ። ጫካውን እንደ ጓዳቸው ነው የሚያውቁት፤ ወፉን ሁሉ በድምፁ ለይተው ይነግሩናል። ገደሉ አፋፍ ስንደርስ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙንና፣ «ያውላችሁ፣ ከዛፉ ሥር ወንዱ ድኩላ ቆሟል» አሉ።

የተቃጠለ ጉቶ ነበር። ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል ክንዷን ያዝኳት። መዋሸት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ፤ «ቀንዱ ሲያምር!» አልኩ። አባባ ደስ አላቸው። ቁልቁለቱን ትከሻዬን ይዘው ወረዱ፤ ጉልበቴ ነው ብለው ሳቁ። የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ግን፣ «ለወንድምሽ አስቀምጪለት» ብለው ሰጡኝ።

የላክኸው የሕፃኗ ፎቶ ደርሶናል። አባባ ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ሲዳስሱት ዋሉ። ከእንግዲህ ፎቶ ከምትልክ ደውል፤ ስልኩን አፏ አጠገብ ያዝላትና ትንሽ ታልቅስላቸው። አንተም ሥራ ሥራ ማለቱን ተውና ቶሎ ና።

ሁላችሁንም ሳምኩ።
እህትህ