«ደህና ነኝ» የሚሉ ጉልበቶች

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
ዝናብ። ብስክሌቴ ላይ በስብሼ ሆስፒታል ገባሁ። ያ የጉልበት ሕመም መጠይቅ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ተጎልቷል። ወደ ዴንማርክኛ ተርጉሜ ከጨረስኩ ቆየሁ። የቀረው እኛ አገር ታማሚ ላይ መሞከር ነው። ምን ያህል ያምዎታል፣ ምን ያህል ያስቸግርዎታል... ከዜሮ እስከ አራት፤ ዜሮ «ምንም»፣ አራት «እጅግ በጣም»። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር!

የዛሬው ታማሚ ቪላስ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው። ራጃቸውን አይቻለሁ፤ አጥንት ካጥንት ይፋተጋል።

«ደረጃ መውጣት ያስቸግርዎታል?»
«ምንም።»
«መንበርከክስ?»
«ምንም።»
«ብስክሌት መንዳት?»
«ኧረ ምንም! ደህና ነኝ እኮ ልጄ።»

ደህና! ግድግዳ ተደግፈው ነው ከክፍሉ የወጡት። እዚህ አገር ሰው እግሩ ቢቆረጥ እንኳ «ይሁን፣ ምንም አይል» ነው የሚለው። እልኬን አስጨረሱኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15
ሌሎቹም ያው። አንዷ ሴትዮ ከወንበር ለመነሳት እያቃሰተች «ከእኔ የባሰ ስንት አለ» ብላ ዜሮ ሞላች።

አለቃዬ ፍሮደ ደግሞ... «ሶልቫይ፣ ቪላስን ከጥናቱ አውጫቸው። ቁጥሩን ያበላሹብናል።»
«ራጁስ?»
«ደህና ነኝ ካሉ ደህና ናቸው።»

የባሰው ቪላስ ቀዶ ሐኪሙ ጋም «ደህና ነኝ» ማለታቸው ነው። ሐኪሙ ዲሴምበር ላይ ከኦፕራሲዮን ወረፋ ሊሰርዛቸው ነው። ምን አገባኝ? እያልኩ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23
መልሳቸው ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ለማየት፣ ቪላስ ሁለተኛ ቅጽ ሞልተው በፖስታ መላክ ነበረባቸው። አልላኩም። ፖስተኛ ሆነው! ተናድጄ ራሴ ቤታቸው ሄድኩ።

ሲያዩኝ ደስታቸው! ቡና፣ የቀረፋ ዳቦ... አልጋቸው ሳሎን ውስጥ ነው፣ መስኮቱ ሥር።

«ምነው አልጋው እዚህ?»
«ይሻላል። ኩሽናው ቅርብ ነው።»
«ፎቁስ?»
«ከፋሲካ ወዲህ አልወጣሁም።»
«ደረጃ አያስቸግረኝም ብለውኝ ነበር እኮ!»
«አያስቸግረኝም። አልወጣማ!»

ወይ ጉድ! ብስክሌታቸውን ለጎረቤት ሰጥተዋል። ጓሯቸውን ጠጠር አልብሰውታል፤ ተንበርክኮ አረም መንቀል የለም። አልዋሹም እኮ... የተጠየቁትን ነው የመለሱት።

ልጃቸው ቤቱን ሸጠው አንዲት ክፍል እንዲገቡ ይወተውታቸዋል። ደረጃውን ካልወጡ ቤቱ ምን ያደርግልዎታል እያለ። «የእኔና የኬቲ አልጋ ፎቅ ላይ ነው ያለው» አሉ። ኬቲ ሚስታቸው ናት። ቡና ደገሙልኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3
ከፍሮደ ጋር ተጨቃጨቅን። አንዲት መስመር ብቻ ትጨመር አልኩ፤ «ይህን ማድረግ ያቆሙት በጉልበትዎ ምክንያት ከሆነ ይንገሩን» የምትል።

«ተርጓሚ አይጨምርም! ስንቴ ልንገርሽ?»
«ፍሮደ፣ ብስክሌትህ የት ነው?»
«ምን አገናኘው?»
«ከጸደይ ጀምሮ ጎማው ተንፍሶ በር ላይ ቆሟል። በመኪና ነው የምትመጣው።»
«መኪና ይመቸኛላ።»
«ጉልበትህስ?»
«ደህና ነ...»

ፊቱ ቀላ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበና «እሺ፣ ለመጠይቁ ባለቤቶች ጻፊላቸው። ከፈቀዱ...» አለ። ድርቅና!

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21
ፈቀዱ! ብቻዬን ቢሮ ውስጥ ጨፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2
ቪላስ አዲሱን ቅጽ ሞሉ። ደረጃ፣ አቁሜያለሁ። መንበርከክ፣ አቁሜያለሁ። ብስክሌት፣ አቁሜያለሁ። እስክሪብቶውን አስቀምጠው ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት።
«ይሄ ሁሉ የእኔ ነው?»
«የእርስዎ ነው።»
መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ቅጹን ይዤ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ሮጥኩ። ከወረፋው አልተሰረዙም፤ ጃንዋሪ ላይ ተቀጠሩ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 26
ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሞላውን ቅጽ ይዤ ቪላስ ቤት ሄድኩ። ሳሎን ውስጥ አልጋ የለም። እሳቸውም የሉም።

«ፎቅ ላይ ነኝ!»

ደረጃው ሥር ቆሜ መጠየቅ ጀመርኩ።
«ደረጃ መውጣት ያስቸግርዎታል?»
«በጣም! አሥር ጊዜ ነው የምቆመው! አራትን ሙዪልኝ!»

ፍሮደ ከ«ምንም» ወደ አራት መድረሳቸውን ሲያይ ኦፕራሲዮኑ አባሰባቸው ይለኛል። ይበል! አራትን ሞላሁ።
«ሌላስ ምን ላድርግልዎት?»
«ቡናውን ይዘሽልኝ ነይ። እኔ ዛሬ ከዚህ አልወርድም።»