አሥራ ሰባት ቁጥር

ሐምሌ 8
ካምፕ ከገባን ሦስተኛ ቀን። ሐይቁ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ቁጥር ያላት ትንሽ እንጨት ዳር የቆመው ሰሌዳ ላይ ይሰቅላል፤ ሲወጣ ያነሳል። የእኔ 17 ናት። ዛሬም ሰቅዬ ወደ ማድ ቤት ሹልክ... የመውጫው ፊሽካ ሲነፋ ፀጉሬን ቧንቧ ላይ አራስኩና ሮጬ አነሳኋት። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ዋና አልችልም ብዬ ላውራ? እማዬ እኮ "ውሃ የምትፈራዋን ልጅ እዚያው ጥለሽልኝ ነይ" ብላ ነው የላከችኝ።

ሐምሌ 10
ምግብ አብሳይዋ እትዬ ድንች ይልጣሉ፣ እኔ ካሮት።
"ውሃው ምን አደረገሽ?"
"ይቀዘቅዛል፣ እትዬ።"
"እህ... ካሮቱስ ይሞቃል?"
እወዳቸዋለሁ፤ ነገር አያበዙም። የዋና አሠልጣኙን ግን... ፊሽካ ነው የምንለው። ቀኑን ሙሉ ሲነፋ ጆሯችንን አደነቆረው። ልብ ያለውም አይመስለኝ።

ሐምሌ 11
ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐምሌ 12
ልጻፈው። ትናንት ድንች ጆንያ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። የመውጫውን ፊሽካ አልሰማሁም። ጩኸት ቀሰቀሰኝ... ሮጥኩ። ሰሌዳው ላይ አንድ እንጨት ብቻ ቀርታለች። 17። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ውሃውን በእግራቸው ይዳብሳሉ። የአልጋ ጎረቤቴ ስሜን እየጠራች ታለቅሳለች። ፊሽካ ይጠልቃል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይጠልቃል። ከንፈሩ ጠቁሯል።
"አለሁ..." አልኩ።
የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። ከውሃው ወጥቶ ዳር ላይ ዘጭ አለ። "እናትሽን ምን ልላት ነበር?" ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሁሉን ነገርኩት። ቧንቧውን ጭምር።

ሐምሌ 13
እማዬ ጋ ደውዬ ውሰጂኝ ልበላት? ማንም አያናግረኝም። እውነታቸውን ነው። ጎረቤቴ ብቻ ብርድ ልብሷን ወረወረችልኝ፤ "የሞትሽ መስሎኝ ነበር እኮ፣ ደደብ!" ስድብ እንዲህ ደስ ይላል?
እትዬም አባረሩኝ። "እኔ ተደባቂ አልቀልብም፤ ሂጂ ወደ ውሃሽ!"

ሐምሌ 21
ሳምንቱን ሙሉ ከቁርስ በፊት ፊሽካ ዋና ያስተምረኛል፤ ሁለት እጄን ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እኔ እየተንፈራገጥኩ እከተላለሁ። "አለሁ፣ የኔ ልጅ፣ አለሁ።" ጎረቤቴ ዳር ላይ ሆና ትስቅብኛለች። ዛሬ መቼ እንደለቀቀኝ አላወቅኩም... አሥር ክንድ! ግማሽ ሐይቅ ጠጥቻለሁ፣ ይሁን።

ሐምሌ 24
የመሄጃችን ቀን። 17ን ሰቀልኩ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ አነሳኋት። ፊሽካ "ውሰጃት፣ ያንቺ ናት" አለኝ። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።
እማዬ ልትወስደኝ መጥታ ካምፑ በር ላይ ስታቅፈኝ ልብሷ ራሰ። "ፀጉርሽ ምን ነካው? ይንጠባጠባል እኮ!"
"ከሐይቁ ነው፣ እማዬ።"